ፕላስተር የተለጠፈበት ፒያስትራ

ሰው ሆኖ የሚኮራበት ነገር የሚያጣ የለም። አንዱ በድምፁ ይኮራል፣ አንዱ በልጁ፤ ምንም የሌለው ደግሞ በኩራቱ ይኮራል። ይህች ፀጉር ሠሪ ግን የምትኮራው በአንድ ጣቷ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በቀኝ እጇ ሌባ ጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያስትራውን፣ ያንን ፀጉር መተኮሻ መቆንጠጫ፣ ሶኬት ላይ ትሰካና ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ጣቷን በምላሷ ታረጥብና የጋለውን ብረት እንደ ብልጭታ ነካ አድርጋ ትመልሰዋለች። "ችስ" ይላል። ወይ "ደርሷል" ትላለች፣ ወይ "ይብረድ" ትላለች። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራችው እንዲህ ነው። ሌሎቹ ፀጉር ቤቶች ቁጥር እያዩ ሲተኩሱ እሷ "ቁጥር ጣት ለሌለው ነው" እያለች ትስቅባቸው ነበር። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ባለጣቷ ብሎ አወጣላትና ያ ስም ተለጥፎባት ቀረ። አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንደኛው ካስክ ሲነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው የሚያስለው ነው። የፀጉር መታጠቢያው ሙቅ ውኃ ቧንቧ ቀዝቃዛ ይሰጣል፣ ቀዝቃዛው ምንም አይሰጥም። ግን ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ባለጣቷ ጋ ሪላክሰር፣ ያ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ የተደረገበት ፀጉር አይረግፍም ይባላል። ምስጢሩን ለጠየቃት ሁሉ ሳትሰስት ትናገራለች። "ሪላክሰር የነካው ፀጉር በሽተኛ አይደለም፣ አራስ ነው" ትላለች። "አራስ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ማንም አያስቸኩላትም።" ከሦስት ወር በፊት ሁለተኛ ሪላክሰር አታደርግም። ስታደርግም አዲስ የበቀለውን ሥሩን ብቻ ትቀባለች፤ የቀደመውን በወፍራም ቅባት ሸፍና ታድነዋለች። መተኮስ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፣ ያውም በደንብ ለደረቀ ፀጉር። ጫፉ የተሰነጠቀባትን ሴት አታባብልም፣ መቀስ ታነሳለች። በየሳምንቱ ተኩሺኝ የምትላትን ደግሞ "እኅቴ፣ ሸሚዝ እንኳ ካውያ ሲበዛበት ይሳሳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ብላ ወደ ቤቷ ትሰዳታለች።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዝም ብላ አላመጣችውም። ከባድ ዋጋ ከፍላለች፤ ከፋይዋም ልጇ ነበረች።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እናት ሪላክሰሩን ቀብታ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ "አሁን መጣሁ" ብላ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። ደንበኛዋ ወሬኛ ነበረች፣ ወሬውም ጣፋጭ፤ የመታጠቢያው ሰዓት አለፈ። ሲታጠብ ፀጉሩ ከውኃው ጋር ወረደ። ልጅቱ ገንዳው ላይ እንደተደፋች የራሷን ፀጉር ከፊቷ ሲያልፍ አየችው። እናት ክው ብላ ቆማ፣ የምትለው ቢጠፋት፣ "አይዞሽ፣ ፀጉር ይበቅላል" አለች። ልጅቱም ቀና ሳትል "በአንቺ እጅ አይበቅልም" አለቻት።

ይህች ቃል እናትየው ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ያን ቀን ለልጇ ቃል ገባች፤ ሁለተኛ አንዲት ዘለላ ፀጉርሽ እኔ እጅ ላይ አትሰበርም አለቻት። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለች፣ በወር ጣት ስፋት እየለካች፣ ማታ ማታ በሐር ጨርቅ እየጠቀለለች፣ የልጇን ፀጉር ወገቧ ድረስ አወረደችው። ልጅቱም ኩርፊያዋን ረስታ እዚያው ቤት ሥራ ጀመረች። ጠዋት ቀድማ የምትከፍተው፣ ፎጣ የምታጥፈው፣ ዕቃ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ያ የቆየው ፒያስትራ ተቃጥሎ አዲስ ሲገዛ፣ በትንሽ መስኮት ቁጥር የሚያሳይ ነበርና፣ ልጅቱ ሳቅ እያለች "እማ፣ ይሄ ቁጥር ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? ልሸፍነው" ብላ የቁስል ፕላስተር ለጠፈችበት። እናት በዚህ ነገር ስትስቅ ሰነበተች። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ "አያችሁ የልጄን ጉድ፣ ፒያስትራውን አቆሰለችው" ትላለች። ፕላስተሩ ሲያረጅ ልጅቱ በአዲስ ትቀይረዋለች። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።

እንግዲህ ስሟ እንዲህ እየገነነ ሄዶ የፀጉር ሠሪዎች ማኅበር ጆሮ ደረሰ። ፀጉር ቤት በሚዘጋበት ሰኞ፣ አርባ ያህል ባለሙያ አዳራሽ ይሰበሰባልና ሪላክሰር የተደረገ ፀጉር ሳይሰበር እንዴት እንደሚያድግ መጥተሽ አሳዪ ተባለች። ምን ታሳያለች? ልጇን ይዛ ሄደቻ። ከዚያ የሚበልጥ ምን ማስረጃ አለ?

አዳራሹ መድረክ ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት ተዘጋጅቷል። ልጅቱ ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ ተቀመጠች። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ዘነጥ ያለች ሴትዮ፣ ካርቶኑ ገና የተቀደደ ፒያስትራ ሰክታ "ለዛሬው ዝግጅት አዲስ አምጥተንልዎታል" አለች።

ልጅቱ ዘወር አለች። "እማ፣ የእኛን አውጪው፤ ቦርሳው ውስጥ አለ።"

"ተዪው የኔ ልጅ፤ ጎበዝ ሹፌር መኪና አይመርጥም።"

"አይ፣ እሱን ለምጄዋለሁ ብዬ ነው።"

"አንቺ ምን ትለምጃለሽ? የምተኩሰው እኔ" አለች ባለጣቷ። ሰው ሳቀ። ልጅቱ ወደ ፊት ዞረች።

ባለጣቷ ንግግር አይቸግራትም። ስለ አራሷ ተናገረች፣ ስለ ሸሚዙና ስለ ካውያው ተናገረች፣ የልጇን ፀጉር እንደ መጋረጃ ዘርግታ አሳየች። አርባ ሴት አንገቱን ሰገግ አደረገ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ባለ መነጽር ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጽፍ ቆይታ እጇን አወጣች።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ በስንት ዲግሪ ነው የሚተኩሱት?"

ባለጣቷ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ምንም ሳትናገር ሌባ ጣቷን ከፍ አድርጋ ለአዳራሹ አሳየች። ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ ወጣቷም ፈገግ ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባለጣቷ ጣቷን አረጠበችና ብረቱን ነካችው። ችስ አለ።

"ደርሷል" አለች።

ሰው እንዲያይላት ከፊት በኩል፣ ከጆሮዋ በላይ፣ አንድ ዘለላ መርጣ ያዘች። ፒያስትራው ወደ ፀጉሩ ሲጠጋ ልጅቱ የወንበሩን እጀታ ጨበጠችና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እናት ሰምታዋለች። ሰው በዝቶባት አፍራ ነው ብላ አሰበች። ቆንጥጣ ወደ ታች ሳበች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ፀጉር ሠሪ የሆነ ሰው ሁሉ ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ አርባዎቹ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ከዚያ ፒያስትራው ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ዘለላውም አብሮት መጣ። ባለጣቷ እጇን እንዳነሳች ቀረች። ከብረቱ መሐል ክንድ የሚያህል ፀጉር፣ ላይኛው ጫፉ ተኮማትሮ፣ ተንጠልጥሏል። ከልጅቱ ጆሮ በላይ ደግሞ ጣት የማይሞላ ቅሪት ቆሟል።

ስድስት ዓመት ሙሉ በወር ጣት ስፋት ስትለካው የኖረችው ፀጉር ነው። አፏ ሲከፈትላት የመጣላት፣ ለማናችንም እንደሚመጣልን፣ ሌላውን መክሰስ ነበር።

"ዕቃው ነው። ይሄ ዕቃ ብልሹ ነው።"

ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብላ መስኮቱን አየች። "ብልሽት የለውም" አለች ቀስ ብላ። "ሁለት መቶ ሠላሳ ይላል። የመጨረሻው ላይ ነው ያለው።"

"አይሆንም። ሁለት መቶ ሠላሳ ቢሆን ጣቴ አይነግረኝም?"

"እትዬ" አለች ባለ መነጽሯ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታለች። "ጣትዎ።"

ባለጣቷ ጣቷን አየችው። ጫፉ ነጥቷል፣ ውኃ ቋጥሯል። የእሷ ጣት ነው፤ ቀለበቷም አጠገቡ ባለው ጣት ላይ አለ። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ምንም። ጠበቅ አድርጋ ተጫነችው፤ ውኃው ፈነዳ፣ አሁንም ምንም የለም። ማመን ቢያቅታት ጣቷን መልሳ ወደ ብረቱ ሰደደችው፤ አለፍ አላደረገችውም፣ አስቀመጠችው። ሰብሳቢዋ ባትደርስና እጇን መንጭቃ ባታነሳው ኖሮ መቼ ታነሳው እንደነበር እግዜር ይወቅ። እዚያ መድረክ ላይ የቆመችው ሴት የሰው እጅ የተሰጣት ያህል የገዛ እጇን እያገላበጠች ታያለች። እኔ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። አንድ ነገር ድንገት ከነከናት።

"ቤት ስተኩስሽ ለምን አልተቃጠልሽም?"

ልጅቱ የቀረውን ቅሪት በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

"እጠይቅሻለሁ እኮ።"

"የእኛውን ጠዋት ጠዋት መቶ ሰባ ላይ አደርገዋለሁ" አለች ልጅቱ፣ መሬት መሬት እያየች። "ከዚያ ነው ፕላስተሩን መልሼ የምለጥፈው።"

እናት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጣቷን እያረጠበች "ደርሷል" ስትል፣ አንድ ቀን እንኳ "ይብረድ" ብላ እንደማታውቅ አሁን ገና ትዝ አላት። ድንጋጤው ከፀጉሩ በለጠባት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ድስቱን ከምድጃ በባዶ እጅሽ ያወጣሽው ቀን። ይዘሽው ቆመሽ ወሬሽን ጨረስሽ። መያዣ ጨርቁ ትከሻሽ ላይ ነበር።" ልጅቱ ቀና አለች። "ሳቅንብሽ እኮ። ማታ ግን እጅሽን ሳየው መሳቄን ተውኩ።"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ባለጣቷ፣ ጣትሽ ሞቷል ልበልሽ?"

እናት የተቆረጠውን ዘለላ ከፒያስትራው ላይ አወጣችውና መዳፏ ላይ አጋደመችው።

"ዛሬስ? ሙቀቱ ጆሮሽ ድረስ መጥቷል። ምን እንደሚመጣ አውቀሻል። አንድ ቃል ብትናገሪ ይተርፍ ነበር።"

"አርባ ሰው ፊት?" አለች ልጅቱ። "አንድ ዘለላ ነው አልኩ። ፀጉር ይበቅላል፣ እማ።"

ያቺ ከስድስት ዓመት በፊት የተባለችው ቃል ናት። ያኔ እናት የምትለው ጠፍቷት የወረወረቻት፤ አሁን ልጅ አስባ፣ መርጣ፣ በገዛ ፀጉሯ ከፍላ መለሰችላት። ባለጣቷ መዳፏ ላይ ያለውን ዘለላ በጣቶቿ አሻሸችው። በየማታው ይህን ፀጉር እየዳሰሰች "ሐር ሆኗል፣ ሐር" ትል ነበር። ለካ በዓይኗ ነው ስትዳስስ የኖረችው። ሐር ይሁን ገለባ ጣቷ የሚያውቀው ነገር የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አታውቅም። ጎንበስ አለችና፣ ሰው ምን ይለኛል ሳትል፣ የልጇን ፀጉር ሰብስባ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ለስላሳ ነበር። እንዲህ ለስላሳ መሆኑን አልጠረጠረችም፤ እንባዋ መጣ።

ቀና ስትል ባለ መነጽሯ አሁንም ቆማለች፤ መቀመጥ ረስታለች።

"ልጄ" አለቻት ባለጣቷ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ። "ቅድም በስንት ዲግሪ ነው ብለሽኝ ነበር፣ እኔም ቀለድኩብሽ። መቶ ሰባ ነው። ጻፊው።"

ባለ መነጽሯ ጻፈች፤ ከዚያ ከኋላም ደብተር ሲገለጥ ተሰማ። ሰብሳቢዋ "እዚህ ላይ ይብቃን፣ እጅዎ ሐኪም ይየው" ብትል ልጅቱ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ፒያስትራውን ወሰደች። ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ጠበቀች፣ ለእናቷ መልሳ ሰጠቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን ወደ ኋላ ለቀቀችው።

"ጨርሺው፣ እማ። በአንድ በኩል ብቻ ተተኩሼ አልወጣም።"

እናት ፒያስትራውን ያዘች። ሌባ ጣቷ በልማዱ ወደ አፏ ሊሄድ ሲል መሐል ላይ አስቆመችውና ወደ ታች አወረደችው።

"ስንት ይላል?" ብላ ጠየቀች።

"መቶ ሰባ" አለች ልጇ።