የጠዋት ፊርማ

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጄ ማክዳ ከትምህርት ቤት የታዘዘችውን ድርሰት ይዛ መጣች። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ማንጎዬን በልቼ ዓይኔ ሊከደን ነው። «እማማ፣ ቶሎ ላንብብልሽና ጥሩ ነው በይኝ» አለች። ጥሩ ነው በይኝ! ሳቄ መጣ። «አሁን አይሆንም፣ ጠዋት አምጪው» ስላት ተኮሳትራ ገባች። ምን ታድርግ፣ ሐጂ አብዱላሂን አታውቃቸው።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ አፌ የማያርፍ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አፌን ያህል ውጤቴ አያምርም። በመንፈቅ ዓመቱ ታሪክ ወደቅሁና አባቴ ቁርጤን ነገረኝ፤ «ታሪክን ካላለፍሽ ክረምት አዲስ አበባ የሚባል ነገር የለም!» እኔን ያማለለኝ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ አይደለችም፣ ባቡሩ ነው። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ፊት በአቧራ እስኪነጣ፣ በየጣቢያው የሚሸጠውን እየበሉ መሄድ! ያ ከሚቀርብኝ ሞቴን እመርጥ ነበር።

ግንቦት ላይ የታሪክ መምህራችን ታደለ፣ ራሱም የድሬ ልጅ፣ ሰሌዳው ላይ «ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ምንድነው?» ብሎ ጻፈ። ማለፍና መውደቃችን በዚህ ድርሰት ነው።

«አሳማኝ ድርሰት ማለት ሰው ያሳመነ ድርሰት ነው» አለን። «በሐሳባችሁ የማይስማማ ትልቅ ሰው ፈልጉና አንብቡለት። ካመነ ከሥሩ ይፈርም።»

«ባቡሩ ነዋ!» አልኩ ወዲያው። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ የገበያው ሰፈር የመጋላ ልጅ ፈትሂያ ዞረችብኝ። «አቦ ተይን! ገበያው ነው እንጂ።» እዚያው ተዋዋልን፤ እኔ ለነጋዴው አባቷ ለሐጂ አብዱላሂ፣ እሷ ደግሞ ለእኔ አባት ልታነብ።

ድርሰቴን በመፈክር አጨቅሁት። ያኔ «ሰፊው ሕዝብ» ያልገባበት ጽሑፍ፣ ጨው የሌለው ወጥ ነበር የሚመስለን። ባቡሩን ከኋላቀርነት ጋር አታገልኩት፣ አድኃርያንን በፉርጎ ጭኜ አባረርኩ። ከዚያ ድልድዩን ትቼ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በአቋራጭ ተሻግሬ፣ ጫማዬን እያራገፍኩ መጋላ ደረስኩ።

ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በርጫ ላይ ነበሩ። አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ጫቱ ተገባዶ ምርቃናው ደርሷል። ገና ሦስተኛው መስመር ላይ «ማሻአላህ! እውነቷን ነው፣ ወላሂ!» አሉ። አንዱ ጎረቤታቸው ተነሥቶ ሐዲዱ እስከ መካ የሚዘረጋበትን መላ ያስረዳን ጀመር። ሐጂ እጃቸውን ዘርጋ አድርገው፣ ገጹን ሊሞሉት ምንም ሳይቀራቸው ፈረሙልኝ። እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ የሁላችንም ድርሰት ተፈርሞበት መጣ። አባቴ እንኳ ከባቡር ጓደኞቹ ጋር ሲቅም ውሎ ለፈትሂያ ገበያ ፈርሟል፤ እንጀራውን ክዶ! መምህር ታደለ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ትከሻው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ነው ያመነው?»

ለድሬ ልጅ የበርጫን ሰዓት ማን ያስረዳዋል?

«የበርጫ ፊርማ አልቀበልም። ጠዋት፣ ቁርስ ላይ አንብቡላቸውና አምጡ።»

ሐጂን በነጋታው ሱቃቸው በር ላይ ፈጢራ በሻይ ሲቀምሱ አገኘኋቸው። እያነበብኩ ፊታቸውን ሳየው ግንባራቸው እየተቋጠረ ሄደ።

«ይሄንን ነው እንዴ የፈረምኩት? በዚያ ሰዓትማ ጨረቃንም ባቡር ነው ያመጣት ብትዪኝ እፈርምልሽ ነበር! ይሄ የቀበሌ ስብሰባ ነው፣ የኔ ልጅ። ሰው የታለበት? ባቡር ባዶውን መጥቶ ባዶውን ቢመለስ ከተማ ይሆናል?»

አዲስ አበባ ከእጄ ስታመልጥ ታየኝ። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር ንዴቴም መጣ።

«እሺ እርስዎ ድሬ በምን መጡ?»

ሻያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ።

«በባቡር» አሉ። ሕፃን ሆነው በእናታቸው ጭን ላይ። እናታቸው ከወረዱ በኋላ እዚያው ጣቢያው ላይ የተቀቀለ እንቁላል ለመንገደኛ እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው፤ ከእንቁላሉ ወደ ሻሽ፣ ከሻሹ ወደዚህ ሱቅ። «ባቡሩ ባይኖር እኛ አንመጣም። እኛ ባንኖር ደግሞ ያን ሁሉ መንገደኛ ማን ያበላው ነበር?»

መጠየቅ ቀጠልኩ፤ የማላውቀው ነገር ብዛቱ! መፈክሩን በሙሉ ሰርዤ የአቡጀዲ ጣቃ ላይ ተደግፌ እንደ አዲስ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። አገጫቸውን ይዘው አዳመጡ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው «አብዱ» ብለው ጻፉና መለሱልኝ።

«ሐጂ፣ የቀረውስ?»

«ግማሹን ነው ያሳመንሽኝ። ግማሽ ስሜን ውሰጂ።»

መምህር ታደለ ያንን ጎዶሎ ፊርማ አይቶ «ይሄስ የጠዋት ነው» አለና አሳለፈኝ። ክረምት ገብቶ ባቡሩ ሊነሣ ሲል ፈትሂያ እየሮጠች መጥታ በመስኮት ትኩስ እንቁላል አቀበለችኝ። «አባቴ ነው። ‹መንገደኛን ማን ነው የሚያበላው በያት› ብሎሻል።» እንቁላሉን እየላጥኩ፣ እየሳቅኩ፣ ከድሬ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። በሕይወቴ ብዙ ሰው አጨብጭቦልኛል፣ ያ ግማሽ ስም ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ዛሬ ጠዋት ማክዳ ኩርፊያዋን ሳትጨርስ መጥታ አነበበችልኝ። ክፉ አይደለም፤ ግን ግማሹ ሌላ ሰው ያወራው ይመስላል። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ከሥሩ «ወርቅ» ብዬ ጻፍኩ።

«እማማ! ወርቅነሽ አይደለሽ እንዴ? ስምሽን አልጨረስሽም እኮ!»

«አንቺስ መቼ ጨረስሽ?»

በንዴት ፊቷ ቀላ። የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ በርጩማውን ስባ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እሺ፣ የቱ ጋ ነው ያላመንሽኝ?» አለችኝ።