ለውሻ ዋስ የጠየቅሁ ጊዜ

እናቴ ያስተማረችኝ ጸሎት ሁለት ነው። አንዱ «አባታችን ሆይ»፣ ሁለተኛው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። የመጀመሪያውን ሲደክመኝ እዘለዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ከገባሁ ወዲህ እንኳ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ስለዚህ አለቃዬ «ነገ ቴሌቪዥን ላይ ትቀርቢያለሽ» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምን አጥፍቼ?» የሚል ነበር።

ሥራዬ ባለቤት የሌላቸው ውሾችና ድመቶች የሚጠለሉበት ቤት ውስጥ ነው። ክፍላቸውን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ጓሮ አወጣቸዋለሁ። ጊዜው በፈረንጆች ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ያኔ ውሻ የሚፈልግ ሰው ወይ ጋዜጣ ያያል ወይ ቴሌቪዥን ይከፍታል። መጠለያው በየሳምንቱ አንድ እንስሳ ይመርጥና ወደ ከተማው ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም ይልካል። እንስሳው ካሜራ ፊት ይታያል፣ ስልክ ይደወላል፣ አንዱ መጥቶ ይወስደዋል። ይዛቸው የምትሄደው ሁልጊዜ አለቃዬ ነበረች። ያን ሳምንት ተራው የደረሰው ግን ግማሽ ጆሮው የተቆረጠ፣ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ያረጀ ውሻ ነበር። እሱ ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው ሲይዘው ይንቀጠቀጣል።

እኔ የማናግረው በአማርኛ ነው። ስም አላወጣሁለትም። «አንተ» እለዋለሁ፣ ይመጣል። አለቃዬ «ፍቅርሽ ገብቶት ነው» ትላለች። እኔ ምሳዬን ስለማካፍለው ነው ባይ ነኝ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል።

«የመጨረሻ ዕድሉ ነው» አለችኝ። ቦታ ሞልቷል፣ ያረጀ ውሻ የሚፈልግ የለም፣ ወሩ እስኪያልቅ የሚወስደው ካልተገኘ መርፌ ይወጋና ያበቃለታል። ይህን ስትነግረኝ ወለሉን እያየች ነበርና አመንኳት። ሰው ሲዋሽ ዓይን ዓይንሽን ነው የሚያይሽ።

ጣቢያው ስንደርስ አንዲት ልጅ ፊቴን ልትቀባኝ መጣች። ከሣጥኗ ያወጣችው ቀለም ከእኔ ፊት ጋር ጨርሶ የሚገናኝ አልነበረም። «ይቅርብኝ» አልኳት። የፕሮግራሙ አቅራቢ ገና ሳያውቀኝ በሙሉ ጥርሱ ይስቅልኛል። እኔ ሰው ያለምክንያት ሲስቅልኝ ቦርሳዬን ነው የምጨብጠው፤ ያን ቀን ቦርሳ ስላልያዝኩ የውሻውን ማሰሪያ ጨበጥኩ።

«ይሄ ቆንጆ ልጅ ምን ምን ይወዳል?» አለኝ።

«ዳቦ ይሰርቃል» አልኩት።

ከካሜራው ኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ። በእኔ ይሁን በውሻው አልገባኝም፤ ደስ አላለኝም። «ሌላስ?» አለ። «ሽንቱ አንዳንዴ ያመልጠዋል። ግን መንገድ አይጠፋውም። ከጓሯችን አምልጦ ያውቃል፤ ሲመሽ ራሱ መጥቶ በሩን በእግሩ ጫረ። አንዴ የሄደበትን አይረሳም።» አለቃዬ መኪና ውስጥ ስንገባ «ኦኬ፣ ሌላ ጊዜ ከጥሩው ብትጀምሪ» አለችኝ። እኔ ግን ጉድለቱን ደብቆ የሚሸጥ የበሬ ደላላ አይደለሁም።

ለእሱ አንድም ሰው አልደወለም። ስልኩ የጮኸው የእኔ ቤት ነው፣ ደዋዮቹም ሐበሾች ናቸው። «አንቺ፣ በቲቪ ውሻ አቅፈሽ አየንሽ። ምነው፣ ሥራ ጠፋ እንዴ?» ይሉኛል። እሁድ ቤተክርስቲያን አንዲት እናት ሊስሙኝ ከተጠጉ በኋላ ውሻው ትዝ አላቸውና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩቁ «እንደምን አለሽ» አሉኝ።

ከደወሉት መካከል በየሳምንቱ በሬዲዮ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። «ነይና ስለዚህ ውሻ አውሪልን፤ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው» አለኝ። ሊያስቅብኝ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ወሩ እየሄደ ነው፣ ውሻውም ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ያንን ግማሽ ጆሮውን ያቆምልኛል። ሄድኩ። በቴሌቪዥን ያልኩትን ሁሉ ደገምኩት፤ ዳቦውንም፣ ሽንቱንም፣ መንገድ አዋቂነቱንም። መጨረሻ ላይ «ሶ፣ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ምን ማሟላት አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጠለያው የሚፈልገው ቅጽ መሙላትና የአከራይ ፈቃድ ብቻ ነው። ይሄ ነገር ከድሮም አይዋጥልኝም ነበር። እኛ አገር የቤት ሠራተኛ እንኳ ያለዋስ አትቀጠርም፤ ታዲያ ነፍስ ያለውን ነገር ከመንገድ ለመጣ ሰው በፊርማ ብቻ? «ዋስ ይዞ ይምጣ» አልኩ በማይክሮፎኑ። «የታወቀ ዋስ። ውሻው ቢራብ፣ ቢጣል፣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው።»

በሳምንቱ ኦቴሎ ከሚባለው ሰፈር አንድ ሐበሻ ባለሱቅ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ዋሶች አሰልፎ መጣ። አለቃዬ የከተማው ተቆጣጣሪዎች መስለዋት ፀጉሯን አስተካክላ ወጣች። ሰውዬው የፈለገው ሱቅ የሚጠብቅለት ነበር። ውሻውን ዞር ዞር ብሎ አየውና «እኅቴ፣ ይሄ እኮ ራሱ ዘበኛ ያስፈልገዋል» ብሎኝ ዋሶቹን ይዞ ሄደ። አለቃዬ ነገሩን ሳስረዳት «እኛ እንደዚህ ዓይነት ነገር አንጠይቅም» አለች። «መጠየቅ ነበረባችሁ» አልኳት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ የሥራ ሰዓቴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ። ሰላምታቸው የጨዋ ነው፤ ለእኔ ግን ጨዋነትም ያጠራጥረኛል።

«ዋስዎ የት አሉ አባባ?»

«ዋስ የለኝም ልጄ።»

«ዘመድስ?»

«ልጅ አለችኝ። እሷ እንድታውቅ አልፈልግም።»

ጆሮዬ ቆመ። «ውሻውን ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ለጉዳይ ነው።»

«የምን ጉዳይ?»

«የራሴ ጉዳይ» አሉ። ከካፖርታቸው ኪስ የገመድ ጫፍ ወጥቶ አየሁ። ልጃቸው የማታውቀው ጉዳይ፣ ገመድ፣ ያረጀ ውሻ። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ደግ ነገር እንዳልሆነ እርግጠኛ ሆንኩ። ውሻው ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሲይዘው የሚንቀጠቀጠው፣ ሄዶ ጫማቸው ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብለው «መንገድ ታውቃለህ አሉ። እውነት ነው?» ብለው እሱኑ ጠየቁት። ምሳዬን ስንት ቀን የበላ ውሻ ሲከዳኝ በቅናት አረርኩ።

«ያለዋስ አልሰጥም» አልኩ።

«ዋስ የሚሆኑኝ ሰዎች ግማሾቹ አገር ቤት፣ ግማሾቹ መቃብር ናቸው» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

እኔም ካፖርቴን ለብሼ ከኋላቸው ወጣሁ። ልጃቸው የት እንዳለች ባውቅ ብዬ ነው። ደብቀው የያዙትን ነገር ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወደ ሬኒየር ቢች የሚሄደውን አውቶቡስ ያዙ፣ እኔ ከኋላ በር ገብቼ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ሲወርዱ ወረድኩ። በአንድ ላውንድሪ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ጥግ ታጠፉ፣ አፓርታማዎቹን ዞሩ፣ ተመልሰው በላውንድሪው ጥግ መጡ። እንደገና ታጠፉ፣ እንደገና መጡ። አውቀውብኛል፣ አልኩ። በደርግ ጊዜ አጎቴ ሰላይ ሲከተለው እንዲሁ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። ይሄ የተማረ ሰው ነው፣ አልኩ፤ ከአንድ የቆመ መኪና ኋላ ተደበቅሁ። ሽማግሌው ቆሙ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ምን ብዬ እንደምመልስ ማሰብ ጀመርኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉኝ፤ «መልክሽ ያገሬ ልጅ ይመስላል። ቤቴ ጠፋብኝ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀልድ የለበትም። ቅድም ፊት ለፊት ቆመው የተከራከሯትን ሴትዮ ከፊቴ ላይ ሊያገኟት አልቻሉም።

«ደረጃው ሥር ቀይ የልጆች ብስክሌት ነበር» አሉ። «እሱን ሳይ ነው የምገባ። ዛሬ አንስተውብኛል። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለዚህ ብዬ ውሻ ልወስድ ሄጄ ነበር። መንገድ የማይጠፋው አለ ብላ አንዲት ልጅ በሬዲዮ ተናገረች። እዚያ ስደርስ ግን አንዲት ክፉ ሴት ከለከለችኝ።»

ክፉዋ ሴት ክንዳቸውን ይዛ ቤት ፍለጋ ጀመረች።

ከሦስተኛው ሕንፃ ደረጃ ላይ የምግብ ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት እየሮጠች ወረደች። ካፒቶል ሂል ሰፈር ካለው ሥራዋ መመለሷ ነበር። «አባዬ» አለችና እጄን ከክንዳቸው ላይ ነጠቀችው። «አንቺ ማነሽ? የት ወስደሽው ነው?» ከእግሬ እስከ ራሴ በጥርጣሬ ለካችኝ። ወደድኳት። ከዚያ ዓይኗ ጠበበና «ቆይ፣ የውሻው ሴትዮ አይደለሽ? ቲቪ ላይ?» አለች።

«ነኝ።»

«ጠፍቶ ነው?»

«የለም፣ አየር ልቀበል ወጥቼ ነው» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። ከዚያ አዩኝ። ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር። እኔ ያን ያህል ደግ ሰው አይደለሁም፤ ደግሞ ነገ ማን ያገኛቸዋል?

«ጠፍተው ነበር» አልኳት። «እኛ ጋ ውሻ ፍለጋ የመጡትም ለዚሁ ነው። እንድታውቂ አልፈለጉም።»

«ነገረኛ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ጠዋት ሬስቶራንት፣ ማታ የሆስፒታል ጽዳት ነው የምትሠራው፤ በመካከል እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ጠርጥራ እንደነበር፣ ግን ጠርጥሮ ማወቅን ስለፈራች ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ስለ ዋሱ ስነግራት ቀና አለች።

«ለውሻው ዋስ እኔ እሆናለሁ» አለች። «ለአባቴስ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ዕድሜዬን በሙሉ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም። ዋስ የሆነ ሰው በገዛ እጁ በሩን ለሌባ ከፈተ ትል ነበር እናቴ። ደግሞስ እነዚህን ሰዎች ከየት አውቃቸዋለሁ? ሽማግሌው አሁንም ግድግዳውን እያዩ ነው። የባርኔጣቸው ዙሪያ በዝናብ ርሷል።

«እኔ» አልኩ።

ልጅቷ አከራዩን ኮል አድርጋ፣ ለምናም ተቆጥታም ፈቃዱን አገኘች፣ ወሩም ሳያልቅ ውሻው በአውቶቡስ ፋንታ በአለቃዬ መኪና ተሸኘ። ዕረፍት ባለኝ ቀን ሁሉ ሽማግሌው፣ ውሻውና እኔ ሦስት ሆነን ከላውንድሪው እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ ላውንድሪው እንመላለስ ነበር፤ ውሻው እስኪለምደው። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ያውቁኛል፣ አንዳንድ ቀን የመንግሥት ሰው እመስላቸዋለሁ።

ጣቢያው ነገሩን ሰምቶ ሽማግሌውንና ውሻውን አንድ ላይ ካላሳየን አለ። «ታሪካቸው ሌሎች ውሾችንም ይጠቅማል» አለችኝ አለቃዬ። «ውሻውን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ሰውዬውን ግን ማንም አያያቸውም» አልኳት። ተከፋች፣ ግን ተወችው። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሻ ይዤ ካሜራ ፊት ቀርቤያለሁ። ያንን ጥርሳም አቅራቢ እስከ መጨረሻው አላመንኩትም፤ ውሾቹ ግን ቤት አገኙ።

ልማድ አይለቅምና፣ ውሻው መንገዱን ካወቀ በኋላም ሳልናገር ከሩቅ እከተላቸው ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ላውንድሪው ጥግ ላይ ሽማግሌው ወደ ግራ ሳቡ። ውሻው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ሳቡት፣ አልተነሳም። ብዙ ተከራከሩት፣ በከዘራቸው መሬቱን መቱ፣ በመጨረሻ ተረቱና በእሱ መንገድ ሊሄዱ ዞሩ። ሲዞሩ አዩኝ።

ቆመው ትክ ብለው ተመለከቱኝ። ፈገግ አልኩላቸው። ጎንበስ አሉና ወደ ደህናው ጆሮው ተጠግተው፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ «ይቺን ሴትዮ ልብ ብለህ እያት» አሉት። «ሁልጊዜ ትከተለናለች። ሌባ ሳትሆን አትቀርም። እንዳታምናት።»

ከፋኝ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ግን ሰውዬው ልክ ናቸው፤ እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትመክራቸው። ውሻው ዞር ብሎ አየኝ፣ ጅራቱን አንዴ ወዘወዘልኝ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው።