ከደንዲ የተሰጡኝ አባቶች

የያዙኝ ከክፍል ውስጥ ነው። አምቦ፣ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ እያስተማርኩ ሳለ ሁለት ፖሊሶች ገብተው ተማሪዎቼ ፊት እጄን ወደ ኋላ አሰሩኝ። ተማሪዎችን ለሰልፍ አነሳስተሃል ነው ያሉኝ። ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ሠላሳ ያህል ሰው በጎኑ ተደርድሮ ይተኛል፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ቦታ ያካፈሉኝ ከደንዲ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። በመንደራቸው ቤተክርስቲያን የሚያገለግሉ ጴንጤ ሲሆኑ፣ የታሰሩት ለሰልፈኞች ውሃ አጠጥተሃል ተብለው ነው። ክፍሉ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ይላቸው ነበር። በሆዳቸው ብቻ ነው የሚተኙት። ምክንያቱን በማግስቱ ሰማሁ።

መርማሪው አንድ ልማድ ነበረው። ስለ ጉዳዩ ከመጠየቁ በፊት አባቶችህን ቁጠር ይላል፤ ለሚጠራው ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ጀርባውን በውሃ ጎማ ይመታዋል። አብዛኛው ሰው አባቱንና አያቱን ጠርቶ ዝም ይላል። ያን ጊዜ መርማሪው «አለቁ?» ብሎ ይስቃል። ኦቦ እስከ ሰባተኛው ድረስ ቆጥረዋል።

እኔ የምቆጥረው አባት አልነበረኝም። በጨርቅ ተጠቅልዬ የተገኘሁት ቤተክርስቲያን በር ላይ ነው። ያደግሁትም እዚያው ግቢ ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የምጠራው በመዘገቡኝ ፓስተር ስም ነው። ይህን ለኦቦ ስነግራቸው እጄን ይዘው፣ ከራሳቸው ስም ጀምረው፣ አባቶቻቸውን አንድ በአንድ አስጠኑኝ። ጌታ ሁለታችንንም ልጆቹ ካደረገን የእሳቸው አባቶች የእኔም መሆናቸውን ነገሩኝ። ስሳሳት እንደገና ያስጀምሩኝ ነበር። አጥንቼ ስጨርስ፣

«መርማሪው ሲጠይቅህ ግን ፓስተሩን ብቻ ጥራ» አሉኝ። «እነዚህ ለአንተ ናቸው።»

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው ፋይሌን አንብቦ ኖሮ አባት እንደሌለኝ ያውቃል። የፓስተሩን ስም ስጠራ አንድ ጊዜ መታኝና፣ እናቴ ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች፣ እኔም ከየት እንደተለቀምኩ ይተርክልኝ ጀመር። ቃል የሚጽፈው ፖሊስ ሳቀ። የኦቦን ምክር ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። እያወቅሁ የኦቦን አባቶች መቁጠር ጀመርኩ።

አራተኛው ስም ላይ ጎማው ቆመ። መርማሪው ስሞቹን አስታውሷቸው ነበር። ኦቦን አስመጣቸው።

«አንተ፣ ይሄ ልጅህ ነው? አይደለም ካልክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ነው ካልክ በእሱ ክስ ትጨመራለህ።»

ኦቦ አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አይደለም ይበሉ ልላቸው ይገባኝ ነበር፤ አላልኳቸውም።

«ኢልማ ኮቲ» አሉ። ልጄ ነው።

መርማሪው ጎማውን አስጨበጠኝ። አባትህ ከሆነ ሰባት ጊዜ ግረፈውና ሁለታችሁንም ልልቀቃችሁ አለኝ። ፖሊሱ የኦቦን ሸሚዝ ሲገፍፈው ቁስሉ ከጨርቁ ጋር ተላጠ። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሸሚዙን ከፖሊሱ እጅ ተቀብዬ መልሼ አለበስኳቸው። አዝራሩን እየቆለፍኩ ሳለ የመጀመሪያው ዱላ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ሁለት ቆለፍኩ። ሦስተኛውን አልጨረስኩትም።

ስነቃ ኦቦ ክፍሉ ውስጥ የሉም። ወደ ሌላ እስር ቤት ተወስደዋል ተባልኩ። እኔ ከስምንት ወር በኋላ ተፈታሁ። እሳቸው ከዚያ በፊት፣ በወሰዷቸው ቦታ ሞተው ነበር።

ደንዲ ሄጄ ለባለቤታቸው አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አይደለም ቢል ኖሮ ቤቱ ይመጣ ነበር» አሉ።

አዎ አልኳቸው። ሂድ ግን አላሉኝም።

ዛሬም አምቦ አስተምራለሁ። የኦቦንና የሰባቱን አባቶቻቸውን ስሞች ለልጆቼ አስጠንቻቸዋለሁ፤ ስሞቹን መውረስ ይገባኛል ወይ የሚለውን ግን አሁንም ለራሴ አልመለስኩም። በየዓመቱ ጤፍ ሲደርስ ደንዲ እሄዳለሁ። ሴትየዋ አንድም ቀን ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም እናቴ ለማለት አልደፈርኩም። ማጭድ ይሰጡኝና ከየት እንደምጀምር በእጃቸው ያሳዩኛል።