አምስት ፊደል የጎደለው ጨርቅ

ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲያደንቅ ጉድለቱን የመፈለግ አባዜ አለብኝ። ብዙ ማንበቤም ለዚህ አባዜ ጥይት ከማቀበል በቀር እምብዛም አልጠቀመኝም። የወልቂጤው ክለባችን በአገሪቱ ትልቁ ሊግ በተጫወተበት በዚያ የመጨረሻ ዓመት ግን፣ በዚህ አባዜዬ አንድ ወዳጄን ከመስቀል እስከ ክረምት ድረስ በደልኩ። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ወዳጄ ቡታጅራ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው። ተወልዶ ያደገው ግን እዚሁ ወልቂጤ፣ ከቤታችን ሦስት በር አለፍ ብሎ ነው። በትምህርት ቤታችን ቡድን እሱ በረኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰላለፉን እተች ነበር። ከቡታጅራ ሚስት አግብቶ እዚያው ሱቅ ከከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልቡ ግን ከክለቡ ጋር ወልቂጤ ቀርቷል። ጎረቤቱ ጫማ ሻጩ በዚህ አይለቀውም።

«ሚስት ከእኛ፣ ክለብ ከማዶ!» ይለዋል ሱቁ በር ላይ ቆሞ። «አንተን የት እንመድብህ?»

«ሚስት ሰጣችሁኝ እንጂ ክለብ መቼ ሰጣችሁኝ!» ይመልሳል፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ።

በዚያ ዓመት መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሱሪ ላሳጥር ሄድኩ። ያን ሰሞን የሱቁ ወለል አይታይም፤ የበዓል ልብስ ተከምሮ ተረከዝ ማሳረፊያ የለም። እሱ ግን ክምሩን ወደ ጎን ገፍቶ አንድ ቀይ ጨርቅ ዘረጋልኝ። ቁመቱ የሰው ያህል፣ ርዝመቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ዙሪያው በነጭ ተከፍፏል፤ መሀሉ ባዶ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሊጉ አሁን ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ ሰብስቦ ያጫውታል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ይዟቸው ይሄዳል፤ ሌላው ሰው በቴሌቪዥን ያያል። ስለዚህ የእኛ ክለብ ከነስሙ የእኛ ይሁን እንጂ በእኛ ሜዳ አይጫወትም። ወዳጄ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ደጋፊ መቀመጫ ዞረው እጃቸውን ሲያነሱ አየ። መቀመጫው ላይ ማንም አልነበረም።

«ለሲሚንቶ ነው ሰላምታ የሰጡት» አለኝ። «ወላሂ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አንዴ እሄዳለሁ። አንዴም ቢሆን ከአገሩ የመጣ ሰው አይተው ይግቡ። ቃሉን አንተ ስጠኝ።»

«የምን ቃል?»

«እዚህ የሚሰፋውን። ቀለም አልቀባም፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ያለቅሳል። ፊደሉን ከነጭ ጨርቅ ቆርጬ እሰፋዋለሁ። ስምንት ፊደል ይይዛል፣ ለክቼዋለሁ።»

«ይህንንማ ማንም ሊጽፍልህ ይችላል።»

«ማንምን አልጠየቅሁም» አለ። «የጠየቅሁት አንተን ነው።»

እሺ አልኩት። ሱሪዬንም በማግስቱ ከሚኒባስ ሾፌር ጋር ላከልኝ።

ውድድሩ ተጀመረ፤ እኔም ማሰብ ጀመርኩ። «ድል ለእኛ» የሚለው ውሸት መሰለኝ። «ወደፊት» የሚለው ርካሽ ሆነብኝ፤ የማንኛውም መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። «እንወዳችኋለን» ብል ደግሞ ራሴን ጠየቅሁ፦ እነማንን? ግማሾቹ ልጆች ወልቂጤን ያዩዋት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳሉ። እሱ በየሁለት ሳምንቱ ይደውላል። «አሰላሙ አለይኩም፣ ደረሰ ወይ?» ሲለኝ ቃሉን ሳይሆን ይህን ሁሉ ክርክር እነግረዋለሁ። ያዳምጠኛል። ከጀርባው የስፌት መኪናው ድምፅ አያቋርጥም።

«እውነትህን ነው» ይላል መጨረሻ ላይ። «ታዲያ ምን ብለን እንስፋ?»

ጥር ላይ ክለቡ ከታች ሁለተኛ ሲሆን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፤ ደስ ብሎኝ ራሴ ደወልኩ። «ያዝ፤ ሽንፈትም የአገር ልጅ ነው!»

በለሆሳስ ፊደሉን እየቆጠረ ነበር።

«አሥራ ሦስት ፊደል ነው» አለ። «ፊደሉስ ይሁን፣ አጠብበዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ ልጆቹ ይህን አንብበው እንዴት ይሮጣሉ?»

«እውነት እኮ ነው።»

«የአላህ ስም እንኳ ሦስት ፊደል ነው! አንተን ምን አስረዘመህ?»

ሳቅን። ያን ቀን «አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» ማለት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ አንድ ጉዳይ ለአንድ ሰው ከተሰጠ፣ ሰውየው በገዛ አፉ እስኪመልሰው ድረስ ለሌላ አይሰጥም። ለሽምግልና የተላከ ሰው ቢዘገይ በላዩ ላይ ሌላ አይላክም፤ ይጠበቃል። አልፎ መሄድ ሰውየውን በቁሙ እንደ መቅበር ነው። ይህን ልማድ በአንድ ጽሑፌ ላይ «የሥራ ፈቶች ትዕግሥት» ብዬ ተሳልቄበታለሁ። አሁን ግን የጠቀመኝ እኔን ነበር። አምስተኛ ክፍል ያለች የእሱ ልጅ በአንድ ደቂቃ የምትጽፈውን ነገር፣ እኔ ስላልመለስኩት ብቻ ማንም አልጻፈውም።

ክለቡ ቁልቁል ወረደ። አንዱን እኩል ይወጣል፣ ሁለቱን ይሸነፋል። ነገሩ ሁሉ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ተገፋ፤ ካሸነፈ ይተርፋል፣ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ሁለት ቀን ሲቀረው ደወለ።

«ሀዋሳ ነው፤ እሄዳለሁ» አለኝ። «ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ነው የምሄደው። አሁን ንገረኝና ዛሬ እቆርጠዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀት አበላሸሁ። የጻፍኩትን ስሰርዝ፣ የሰረዝኩትን መልሼ ስጽፍ ረፈደ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ቸግሮት ሌላ ሰው ይጠይቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እንደማይጠይቅ እያወቅሁ።

ጨዋታውን ያየሁት በሰፈራችን ሻይ ቤት ነው። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ወንበር ያጡት መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። ካሜራው መቀመጫዎቹን ሲቃኝ ከጥግ በኩል አንድ ቀይ ነገር አሳየ። ቀረበ። አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል፤ ሁለት እንጨት ከመቀመጫው ብረት ጋር አስሮ ጨርቁን ወጥሮበታል። ነጩ ክፈፍ ጥርት ብሎ ይታያል። መሀሉ ባዶ ነው።

«ምን ይላል?» አለ ከፊቴ የተቀመጠው የሚኒባስ ሾፌር።

«ምንም አይልም።»

«ገልብጦ ይዞት ይሆናላ! ገልብጠው አባባ!»

«የለም፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገበያው እዚያ ሞቆለት ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለሻይ ቤቷ ብቻ ብርጭቆ እየሰበሰበች «ኧረ ተዉት» አለች። «ከእናንተ ማን ሄደ?»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ? ይህን እርስዎ ነበሩ የሚተነትኑልን።»

ሻዬን አነሳሁ። ቀዝቅዞ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ያለ አስተያየት ያሳለፍኩት ጨዋታ ይህ ብቻ ነው።

አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ወደቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ በጨርቁ ፊት ሲደርስ ቆመና ቀና ብሎ አየ። የሚነበብ ነገር እየፈለገ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እጁን አነሳ። ካሜራው ወደሚጨፍሩት አሸናፊዎች ዞረ።

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። ሐምሌን በዝናብ አሳበብኩ፣ ነሐሴን በመንገድ። የሄድኩት መስከረም ሲጠባ ነው። ሚኒባሱ ለመስቀል ወደ አገራቸው በሚገቡ ሰዎች ተጨናንቆ አገና ከተማ ላይ ቆመ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴት ሻንጣዋን ከጣሪያ እያስወረደች በስልክ ትጮኻለች፦ «መጥተናል! አገና ነን፣ መጥተናል!» ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እየጎተቱ ይሮጡ ጀመር።

ቀሪውን መንገድ በጣቴ ስቆጥር ሄድኩ። አምስት ፊደል። ውሸት የለበትም፤ እናሸንፋለን አይል፣ እንወዳችኋለን አይል። ባዶውን መቀመጫ ያዩ ልጆች ቀና ብለው ቢያነቡት የሚበቃ ነበር።

ወለሉ እንደ ዓምናው አይታይም። እሱ መኪናው ላይ አቀርቅሯል፤ ቀዩ ጨርቅ አራት ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተነጥፏል፣ ተቀምጦበታል። ሰላም ተባባልን። ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት።

«እዚያ ምን አሉህ?» አልኩት በመጨረሻ።

«አንዱ ዘበኛ ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ጸሐፊው ገና እያሰበ ነው አልኩት።»

«ስሜን ነገርከው?»

«ምን በወጣህ!»

«ቃሉን አምጥቻለሁ» አልኩት። «መጥተናል።»

እግሩ ከፔዳሉ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቆጠረ።

«ይኼማ እኔም የማውቀው ቃል ነው» አለ። «ስታዲየሙ በር ላይ ስደርስ ለባለቤቴ ደውዬ ያልኳት ነው፤ ደረስኩ፣ መጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰፋኸውም?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእኔ አልጠበቀም።

«ላንተ ሰጥቼህ ነበራ።»

መኪናውን እንደገና አንቀሳቀሰ። የአንድ ሕፃን የበዓል ቀሚስ ነበር፤ ዳር ዳሩን እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ያ ሱሪ እንዴት ሆነልህ?» አለ።

«ልክ ነው።»

«በማግስቱ ነበር የላክሁልህ፣ አይደል?» አለኝ፣ ቀጣዩን ልብስ ከክምሩ ላይ እየሳበ።