ከመጋረጃው ጋር የተሰፋሁት ተማሪ እኔ ነኝ

ተወስኗል። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ወጣ፣ ማኅተሙም አርፎበታል። መጽሐፉ ከየመደርደሪያው ተሰብስቦ በትክክለኛው ስም እንደገና ይታተማል፤ ማዕረጉም ተከልክሏል። የማን መጽሐፍ፣ የማን ማዕረግ ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ፣ እየመጣሁ ነው። ደስታው መርፌ አላስይዝ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጽሐፉ የታላቅ እህቴ ነው። ኮሌጅ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን የጥናት ወረቀት ስታርም ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ጣቷ ላይ ያለው ቀይ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ ተማሪዎቹ «ቀዮ» ይሏታል። ስህተት ስታገኝ ዳር ላይ ትንሽ ቁጥር ትጽፋለች፤ ተማሪው ቁጥሩን ይዞ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ጥፋቱን ይፈልጋል። አንዱ ግሱን ከባለቤቱ ያጣላል፣ አንዱ ትናንትንና ነገን በአንድ መስመር ያፋጃል፣ ሌላው ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ መጨረሱን ይረሳዋል። ያ ዝርዝር ነው አድጎ መጽሐፍ የሆነው፤ መቶ ሃያ ስህተት፣ ለእያንዳንዱም አንድ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ።

ምሳሌዎቹን ግን ከተማሪ ወረቀት አልወሰደችም። «አምኖ ያሳየኝን ልጅ ጉድለት አደባባይ አላወጣም» አለች። በኛ ቤት የሆነውን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈችው። ቁጥር ዐሥራ አራት እኔ ነኝ፦ መጋረጃ ስሰፋ የገዛ እጅጌዬን አብሬ ሰፍቼ የተገኘሁ ቀን። ቁጥር ሠላሳ አንድ አባባ ናቸው፦ ጣሪያ ሊጠግኑ ወጥተው ጎረቤት መሰላሉን ወስዶባቸው ቀኑን ሙሉ እላይ የዋሉበት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ረቂቁን ለክፍሉ ኃላፊ ሰጠችው፣ አስተያየት እንዲሰጥበት። አስተያየቱ በዓመቱ ታትሞ መጣ፣ ሽፋኑ ላይ የሱ ስም። ቢሮው ድረስ ሄደች።

«አንቺ የነጥብና የሰረዝ ሰው ነሽ» አላት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። «መጽሐፍ ጻፍኩ ብትዪ ማን ያምንሻል?»

«ልክ ነዎት» ብላው ወጣች።

የጮህኩት እኔ ነኝ። «የእጅ ጽሑፍሽ አለ አይደል? ነገውኑ ክሰሺው።»

«አሁንማ ትንሽ ሌባ ነው፤ ተቆጥተው ይለቁታል» አለችኝ። «ይደግ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ? ቂሙን እህቴ ያዘች፤ ጸሎቱን ለጊዜው ተወችው። ሳሉን የያዘው እሱ ነበር፣ አላወቀውም እንጂ። እሷ ደግሞ ጉሮሮውን ትኮረኩርለት ጀመር። በየስብሰባው እጇን እያወጣች «ለመሆኑ እነዚህን ግሩም ምሳሌዎች ከየት አገኟቸው?» ትለዋለች። መጀመሪያ «ከልምድ» አለ። በዓመቱ «ከተማሪዎቼ» አለ። ሁለተኛው እትም ሲወጣ መግቢያው ላይ «ሁሉም ከገዛ ተማሪዎቼ ወረቀት በእጄ የተለቀሙ ናቸው» ብሎ ፈረመበት። ያን ቀን እህቴ እያንጎራጎረች ነው ሳህን ያጠበችው።

ዘንድሮ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጠየቀ። በኮሌጁ ደንብ ማዕረግ ጠያቂ ሥራውን በጉባኤ ፊት ያቀርባል፤ ማንም ተነስቶ መጠየቅ ይችላል። እህቴ አልብሳኝ፣ አበጥራኝ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠችኝ። «ቁሚ እስክልሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ከዚያ ተነሳች። «ቁጥር ዐሥራ አራትን የጻፈችው ተማሪ ማን ነበረች?»

ፈገግ አለ። «ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ የሦስተኛ ዓመት። ስለ ልብስ ስፌት ነበር የምታጠናው።»

«ሠላሳ አንድስ?»

«እሱም የሦስተኛ ዓመት ነበር። ወረቀቱ እስካሁን እቤቴ አለ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሴትዮ፣ ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ዐሥራ አራት፣ ቁሚ።»

ቆምኩ። አየኝ፤ ጎበዝ ተማሪውን ግን አላወቃትም። ሰብሳቢው አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እርስዎ እዚህ ተምረዋል?» አሉኝ።

«ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም ጌታዬ፤ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። እጅጌው ግን የኔ ነው።»

ፎቶግራፉን ሰጠኋቸው፦ ከመጋረጃው ጋር ተሰፍቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ጀርባው ላይ ቀኑ በእናቴ እጅ የተጻፈበት፤ መጽሐፉ ከመታተሙ አራት ዓመት በፊት። እህቴም የረቂቁን ደብተር አስከተለች። ሰብሳቢው ደብተሩን ከመጽሐፉ ጎን ዘርግተው ገጽ በገጽ አስተያዩት።

ከዚያ እሱ ሳለ። እውነቴን ነው፣ ሳለ። ውሃ ሰጡት፣ አልተወውም። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ከጉባኤው በኋላ የይቅርታ ደብዳቤ ላከላት፣ ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ቀዩን ብዕር አንስታ ሃያ ሦስት ቁጥር አሰፈረችበትና «አርመው ይመልሱ» ብላ ላከችለት። በሦስተኛው ቀን ታርሞ መጣ። አሁን የቀረው ዘጠኝ ነበር። መልሳ ላከችለት።

«እታለም፣ በቃው፣ ይቅር በዪው» አልኳት፣ ለወጉ ያህል።

«ንጹሕ ሲሆን እቀበለዋለሁ» አለች። «ለማንም ተማሪ ያላደረግሁትን ለሱ አላደርግም።»

ይኸው ነው። አባባ ግን ገና አልሰሙም፤ ማለዳ ተነስተው ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደዋል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በኮሌጁ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆነው ተመዝግበዋል። ይህንን አስተካካዩ ቀድሞ ከነገራቸው ራሴን ይቅር አልልም። ደብዳቤው ይኸው በእጄ፤ አንደኛው ጫማዬስ የት ገባ? ተገኘ፣ ከመጋረጃው ሥር ነው። ሄድኩ።