ጸሐፊዋ ያልጻፈቻቸው ደብዳቤዎች

በቤተሰቡ ውስጥ የተማረ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ግን የእምዬን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በቀብሩ ላይ የማንበቡ ሥራ የወደቀው በልጅ ልጇ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናትና፣ «ያንቺ እጅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?» አሏት። በማለዳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጓዳ ገባች።

የትውልድ ዘመን፣ አይታወቅም። ሥራ፣ የቤት እመቤት። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። የሰባ ምናምን ዓመት ሴት በሁለት መስመር አለቀች! እንግዲህ ይቺ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ውሃ የምትቀዳ፣ ላም የምታልብ፣ ባሏ ሞቶባት ስድስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች፣ እነሱ ሲወልዱም የወለዱትን ተቀብላ ያሳደገች ሴት ናት። ጸሐፊዋ ራሷ እናቷ ስትሞት ያደገችው በእምዬ ጀርባ ላይ ነው። እምዬ ሰው ሁሉ ሳይበላ እህል አትቀምስም፤ «ጠግቤአለሁ» የምትለው ውሸቷን መሆኑን ልጆቹ የነቁት ካደጉ በኋላ ነው።

አክስቷ የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ገባች።

«ይኼንንም አስገቢው» አለቻት። «ያንቺን ደብዳቤዎች። ነፍሷን ያቆዩላት እነሱ ናቸው እኮ! ራሴ ካላነበብኩ ብላ በስተርጅና ፊደል ቆጠረች። ከጎረቤት ያላነበበችለት ሰው የለም።»

ጸሐፊዋ ለእምዬ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም።

እምዬ በየወሩ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አንድ ጣሳ ማር ትልክላት ነበር። ጣሳው በአሮጌ ጨርቅ ታስሮ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ጸሐፊዋ የቢሮ ልጆች እንዳያዩባት መግቢያ ይጠፋታል። «ውሰደው ባክህ፣ ለልጆችህ» ትለዋለች ዘበኛውን። ጨርቁን እንኳ አንድ ቀን አልፈታችውም። ባዶ ጣሳውን ለሹፌሩ የሚመልሰውም ዘበኛው ነው።

ሣጥኑን ከፈተችው። የአምስት ዓመት ወረቀት ነው። ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀችው፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ በምትፈርምበት መዝገብ ስሟን የሚጽፈው ያው ወደ ግራ የተጋደመ የዘበኛው እጅ ነው።

«እምዬ፣ ማሩ ደርሶኛል። አስጽፈሽ በጨርቁ ውስጥ ያስቀመጥሽውንም አነበብኩት። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ዓይኔ ደከመ ስላልሽ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ለእኔ አታስቢ፣ ደህና ነኝ። ልጅሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ...»

አክስቷ ዓይኗን እየጠረገች ትጠብቃለች። እውነቱን ብትናገር እምዬ በአገር ሁሉ የኮራችበት ነገር አብሯት ይቀበራል፤ ዝም ብትል ደግሞ የሰው ምርቃት ሰርቃለች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ጻፈችው።

በቀብሩ ላይም አነበበችው፤ «የልጅ ልጇ በየወሩ ትጽፍላት ነበር።» ሰዉ ተላቀሰ። አንዲት አሮጊት ከመሐል ወጥተው፣ «ተባረኪ! እንዳንቺ ያለውን ለሁላችንም ይስጠን!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች፤ ያያት ሁሉ ሐዘን መሰለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው፣ ያውም መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ።

ሰው ሲበተን ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ለዘበኛው ደወለች። ትቆጣው ይሆን ወይስ ታመሰግነው፣ እሷም አታውቅ።

«እምዬ አረፈች» አለችው።

«መቼ?»

«ትናንት። አሁን ቀብረናት መመለሳችን ነው።»

ያ በሩን ሞልቶ የሚቆም ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» አላት። «ምነው? አንድ እፍኝ አፈር እንኳ ሳላለብሳት?»

ጸሐፊዋ ግን እስካሁን ለእምዬ አላለቀሰችም።