የአኮ ስንኝ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ልብስ ከገመድ ላይ ማንሣት ነበር። በወንጂ በኩል የሸንኮራ አገዳው ማሳ ሲቃጠል ጥቁር አመድ አዳማ ድረስ ይመጣና የተሰጣ ልብስ ላይ ይወርዳል። አንሶላውን በሁለት በኩል ይዘን ስናጥፍ እሱ ለልጃችን ሠርግ የሚገጥመውን ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። የእሱን ወገን፣ የመንዝን ሰዎች፣ አንሥቶ ሲያበቃ «የአያትሽን ቤትስ በኦሮምኛ ላንሣው?» አለኝ።

ጥያቄው ከአመዱ ሽታ ጋር፣ እንዲሁ አገዳ ሲቃጠል ወደተደገሰው የእህቴ ሠርግ መለሰኝ። ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ። አኮ የምንላት የእናቴ እናት ከሁሩታ መጥታ፣ ዳሱ መሐል ተነሥታ ወገኗን በኦሮምኛ መዝፈን ጀመረች። ከአባቴ ዘመዶች አንዷ «አሮጊቷ ደግሞ ምን ትላለች?» ብላ ሳቀች። እናቴ ፊቷ ቀልቶ የአኮን ነጠላ ጎተተች።

«እማዬ ተይ፤ ሰው ይሰማል» አለቻት በአማርኛ።

«ይስማ እንጂ! ሠርግ ላይ የሚዘፈነው እንዲሰማ አይደል እንዴ?» አለች አኮ። ወደ እኔም ዞራ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በይ ምቺልኝ!» አለችኝ።

እጄ ከበሮው ላይ ደርቆ ቀረ። አኮ ያለ ከበሮ ትንሽ ዘፍና ተቀመጠች።

ባለቤቴ አንሶላውን እንደያዘ መልሴን ይጠብቃል።

«ተወው፤ ሰው ይሰማል» አልኩት።

የእናቴን ቃል እንዳለ ደገምኩት። ወዲያው አፈርኩ፤ ሆኖም የያዝኩትን የአንሶላ ጫፍ አቀበልኩት። እሱም አንሶላውን አጥፎ ሰጠኝ። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ሠርጉ ለሐዘኑ ሲባል ተላልፏል፤ ዘፈኑም መንዝ ላይ እንደቆመ ነው። አሁን የአኮን ስንኝ ለብቻዬ አንጎራጉራለሁ፤ መጀመሪያ ግን መስኮቱን እዘጋለሁ።